የመኪናዋ ልብ

እልፍነሽ ባትሪን ባትሪ ብላ አትጠራም። «ልቧ» ነው የምትለው፣ የመኪናዋ ልብ ለማለት። መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነሳም ያለቻት ጠዋት ኤሌክትሪሻኑ ፈትሁዲን ጋ ደውላ «ልቧ ደክሟል፣ ቶሎ ድረስልኝ» ብትለው፣ ሰውየው ሞተሩ ነክሶ የቆመ መስሎት ሞተር የሚያወርድበትን ሰንሰለት ባጃጅ ላይ ጭኖ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ የሞተው ባትሪ ብቻ መሆኑን ሲያይ «እህቴ፣ ባትሪ ማለት እንዴት ያቅትሻል?» ብሎ ሳቀባት። እሷም አብራው ሳቀች። ለምን እንዳቃታት ግን አልነገረችውም፤ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሏ አባት ባቲሶ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማረው። በሀዲያ የቆየ ደንብ ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስሙ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ መውጣት የለበትም። ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ይህን የምትጠብቅ በእኛ ዕድሜ ያለች ሴት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም «የድሮ ነገር ነው፣ ተዉት» ይላል። የእልፍነሽ አማት ግን አልተዉትም። እንዲያውም በሀዲይኛው ላይ አማርኛውንም ጨመሩበት።

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ በ«ባ» የሚጀምረውን ቃል ብዛት እኔን ጠይቁኝ። ባቄላ፣ ባንክ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባጃጅ። ሆሳዕና ላይ ባጃጅ ሳይሉ ውሎ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። እልፍነሽ «ሦስት እግሯን ጥሩልኝ» ትላለች። ባንክ «ገንዘብ ቤት» ነው። ባዶ ጀሪካን «ምንም የሌለው ጀሪካን» ነው። ባልም የላትም፤ «የልጆቼ አባት» ነው ያላት። «የቋንቋውን ግማሽ ወስደውብሽ ዝም ትያለሽ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። «ለሰላም ብዬ ነው» ትለኛለች። ለሰላም ብላ ያልተወችው ነገር የለም።

ሳምሪ እባላለሁ። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ መጥቶ ቀረ፣ እኛም እዚሁ ተወለድን። ከእልፍነሽ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ እሷ ሀዲይኛ ታስተምረኛለች፣ እኔ የአማርኛ የቤት ሥራዋን እሠራላታለሁ። ስለ እኔ ከዚህ በላይ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ወሬ አላመላልስም። አፌ ስለታም ነው፣ የመሰለኝን ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ ያስቀየምኩትም ሰው ብዙ ነው። የሰማሁትን ይዤ ግን የትም አልሄድም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እልፍነሽ ነበረች።

ባሏ አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ወደዚያ ወንድ ያልላከ ቤት ስለማይገኝ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከተጋቡ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ በመጣ ቁጥር አንድ ልጅ ትቶላት ሄዷል። መኪናዋን የገዛላት እሱ ነው፤ ማርሿ በእጅ የሆነ ነጭ ቪትዝ። ለያሆዴ፣ ለሀዲያ አዲስ ዓመት ማለቴ ነው፣ ደግሞ ስጦታ ላከላት። ወንድሙ አሳምነው መኪናዋን አንድ ቀን ወስዶ ሲመልሳት፣ ዳሽቦርዱ ላይ በጣት የሚነካ ትልቅ ቴፕ ገብቶላታል። «ብቻዬን ስነዳ እንዳይከፋኝ ብሎ እኮ ነው» አለችኝ እልፍነሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር ከፍታ፣ መስኮት አውርዳ ነበር የምትነዳው። እኔም ትንሽ ቀናሁባት። ከዚያ ሁሉ ርቀት ስለ ሚስቱ ብቸኝነት የሚያስብ ወንድ በእኛ ዘመድ ውስጥ አላየሁም።

ጥቅምት ላይ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ማለት ጀመረች። ማታ ደህና ገብታ ታድራለች፤ ሲነጋ ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። ፈትሁዲን የሚሠራው በእኛው ግቢ ነው፤ አባቴ የመንገድ ዳሩን ክፍል አከራይቶታል። እጁ ጥሩ ነው፣ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። መጀመሪያ «ባትሪው አርጅቷል፣ በእናቴ እምልልሻለሁ» አለና አዲስ አስገባላት። አዲሱም ሞተ። ቀጥሎ «ዲናሞው ነው፣ ቻርጅ አያደርግም፣ ካልሆነ ይሄን ሙያ እተዋለሁ» አለ። ዲናሞው ተቀየረ፤ መኪናዋም ሞተች፣ እሱም ሙያውን አልተወም። አዲስ የገባ ነገር እንዳለ ጠየቃት። እልፍነሽ «ምንም የለም» አለችው።

በመጨረሻ ጥፋቱ እሷው ላይ ተደፋ። አጵሎስ በስልክ «መብራት እየረሳሽ ነው» ይላታል። አማቷ «መዞር ስታበዢ ነው» ይላሉ። ፈትሁዲን ራሱ፣ ሌላ ሲያጣ፣ «በሩን በደንብ እየዘጋሽ ነው?» ማለት ጀመረ። መኪናዋን በየማታው ስትዞር፣ መብራቱን ስትነካካ፣ በሩን ከፍታ መልሳ ስትዘጋ እኔም አያት ነበር። ሰው ተደጋግሞ ሲነገረው ራሱን መጠርጠሩ አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሆመቾ ለቅሶ ደርሰን ልንመለስ መኪና ውስጥ እንደገባን ዝናቡ ወረደ። ቁልፉን አዞረችው፤ ጠቅ። ከለቅሶው ቤት አንድ ሰው የባትሪ ማስነሻ ኬብል ያለው መኪና ሊፈልግልን ሄደ፣ እኛ መስኮቱን ዘግተን ተቀመጥን። አጵሎስ ጋ ደወለች። ስልኩ ጮክ ይላል፤ የሚለውን ሁሉ ሰማሁት።

«ልብ የለሽም እኮ» አላት። «ስንቴ ነው የምነግርሽ? መብራት ትረሻለሽ፣ ከዚያ የእኔን ንብረት ትገድያለሽ። ሆመቾ ድረስ መሄድሽስ ምን ነበር?»

«ለቅሶ ነው። ሆመቾ መሆኔን ማን ነገረህ?»

«አውቃለሁ በቃ» ብሎ ዘጋው።

እልፍነሽ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መሪውን በሁለት እጇ መታችው። «የባቲሶ ልጅ!» አለች። «የባቲሶ ልጅ! ባትሪውን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ወዲያው አፏን ያዘች። ዓይኗ ፈጠጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ያን ስም ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ተያየን። ከዚያ እሷ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። «ባትሪ» አለች በሹክሹክታ፣ ጣዕሙን ለመቅመስ ያህል። «ባጃጅ። ባቄላ፣ ባቄላ፣ ባቄላ! ባንክ። ባል!» እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፣ እሷ መሪውን እየመታች በመዝሙር ዜማ «ባቲሶ፣ ባቲሶ» ትላለች። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሷል፣ ማንም አያየንም። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ከማግባቷ በፊት ነበር። ኬብል ያለው ሰው መጥቶ መስኮቱን ሲያንኳኳ እንባዋን እየጠረገች ከፈተችለት። መንገዱን ሁሉ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

በሳምንቱ የሴቶች የጸሎት ቡድን እልፍነሽ ቤት ተሰበሰበ። ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ አማቷ ተነሱና ምራታቸው የሞተውን ሰው ስም ጭቃ ላይ መጎተቷን ለሁሉም ተናገሩ። እኔ ከዚያ አልነበርኩም፤ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። አማቷ የሚያውቁት ነገሩን በጥቅሉ አልነበረም፤ ቃል በቃል ነበር። የቱን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለች፣ በምን ዜማ እንደዘፈነችው ሳይቀር ያውቃሉ። «ባቄላ ባቄላ እያለ ይጫወታል!» አሉ፤ አማርኛቸው ሲናደዱ ሴቱን ከወንዱ ይቀላቅላል። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ እልፍነሽ በፊታቸው ተንበርክካ የአማቷን ጉልበት ይዛ ይቅርታ ጠየቀች።

በማግስቱ እኛ ግቢ መጣች። አልተቀመጠችም። በሩን ይዛ ቆመች።

«እዚያ ውስጥ ከአንቺ በቀር ማን ነበር?» አለችኝ።

«ማንም አልነበረም። እኔ ግን አልተናገርኩም።»

«ሳምሪ፣ ተንበርክኬ ነው የመጣሁት። ልጆቼ እያዩኝ። እውነቱን ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

«እውነቱን ነው የነገርኩሽ። ከአማትሽ ጋር ከሰላምታ በቀር ምን አውርቼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ መኪናዋ ናት የነገረቻቸው?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም። «እናንተ ዘንድ ስም ስም ብቻ ነው» አለች። «የእኛ ነገር ክብደቱ አይገባሽም፤ ቀልድ መስሎሽ ነው ያወራሽው።» ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ «እናንተ» ብላኝ አታውቅም። ይሄ ከሁሉ በላይ ቆረጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው በትንሽ ከተማ የሚሆነው ነው። አስተማሪዎች ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። የተማሪ እናት ስለ ልጇ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ስትሰናበተኝ «ይሄን እንግዲህ ለሰው አትንገሪ» ትለኛለች። ጉሊት ላይ አንዷ ሌላዋን በክርን ስትጎስም አያለሁ። እልፍነሽን መንገድ ላይ ሳገኛት ወደ ሌላ ትዞራለች። ተናድጄባት ነበር፣ ከልቤ ተናድጄባት ነበር። ማታ ማታ ግን «ማን ነገራቸው?» እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ኬብል ይዞ የመጣው ሰውዬ? እሱ ሲመጣ ሁሉም አልቆ ነበር። ያን መልስ ካላገኘሁ ስሜ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ እሷም አትመለስም።

መኪናዋ መሞቷን አላቆመችም። በዚህም የተነሳ እልፍነሽ፣ ዓይኔን ማየት ባትፈልግም፣ እኛ ግቢ መምጣቷ አልቀረም፤ ፈትሁዲን ያለው እዚያ ነውና። መኪናዋን እያስጎተተች ታመጣለች፣ ጀርባዋን ለቤታችን ሰጥታ ትቆማለች፣ እኔም በረንዳ ላይ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። እንዲህ አይነት ነገር ሲያዩት ያስቃል። እኛን ግን አላሳቀንም።

አንድ ቅዳሜ ፈትሁዲን በቃኝ አለ። ስሙ እየጠፋ ነበር፤ «ፈትሁዲን ባትሪ ይቀይራል እንጂ አይጠግንም» የሚል ቀልድ መነኸሪያ ድረስ ደርሶለታል። እኔም ስሜ የጠፋ ሰው ስለሆንኩ አዘንኩለት። «ዛሬ ካላገኘሁት ሱቅ ከፍቼ ብስኩት እሸጣለሁ» ብሎ ማለና ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታ፤ በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገናኘ። መኪናዋ ጠፍታለች፣ ቁልፉ ወጥቷል፣ በሩ ተዘግቷል። አምፖሏ በራች።

«አያችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ተኝታ እያለች የሚበላት አለ። ሌባ አለ! አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ የሌባው ፊውዝ ሲነቀል አምፖሏ ትጠፋለች። እኔ ከውስጥ ስለማላያት አንድ ሰው እያየ ይንገረኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ሁለታችንም ተንቀሳቀስን፣ ሁለታችንም ቆምን። «ኧረ ሴቶች፣ አምፖል ማየት ምን ከባድ ነገር አለው!» አለ ፈትሁዲን ከመሪው ሥር። ሄድኩ። እሷም መጣች። በመኪናዋ በግራና በቀኝ ቆመን፣ ሳንተያይ፣ አንዲት አምፖል እናያለን።

«በራች?»

«በርታለች» አልኩ።

«አሁንስ?»

«በርታለች» አለች።

የፍሬቻው ተነቀለ፣ የጥሩንባው ተነቀለ፣ የፍሬን መብራቱ ተነቀለ። አምፖሏ ቦግ እንዳለች ነች። ከዚያ አንዱን ሲነቅል ድርግም አለች።

«ጠፋች!» አልን፣ በአንድ አፍ። ሳናስበው ተያየን። እሷ ቀድማ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

ፈትሁዲን ከሥር ተስቦ ወጣ፤ ፊቱ ላይ የሠርግ ደስታ አለ። «የቴፑ ነው!»

«ቴፑን እኮ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ» አለች እልፍነሽ።

«ቴፑ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም! አዲስ የገባ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?»

«ስጦታ ነው» አለች። «ስጦታ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።»

ቴፑን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈነቀለና ከነገመዱ ወደ ውጭ ሳበው። ከኋላው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሳጥን ተንጠልጥላ መጣች። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልባታል። ፈትሁዲን ፕላስተሩን ልጦ ሲያያት ፉጨት ለቀቀ።

«ይቺንማ አውቃታለሁ! ሚኒባሶች ላይ ያስገቧታል። ሾፌሩ የት እንደዋለ፣ የት እንደቆመ በስልክ ታሳያለች። ሲም ካርድ አላት፣ አየሽ? ሲፈልጉ ይደውሉላታል፤ ሳትጮህ ራሷ ታነሳለች፤ መኪና ውስጥ የሚወራውን ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። አሁን ፊውዙ ወጥቶ እንኳ በራሷ ትንሽ ባትሪ እየሠራች ነው። ያሰራትም ሰው ገመዱን ያለ ቦታው ነው ያገናኘው፤ ቴፑም ከእሷ ጋር ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ አድርጎታል። ባትሪሽን የሚጠጣው ይሄ ነው!»

«ማን ነው የሚያስገባት?» አለች እልፍነሽ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ባለቤት ነዋ! ሌላ ማን ያስገባል?»

«የመኪናዋ ነው የእኔ?»

ፈትሁዲን አፉን ከፍቶ ቀረ። ባለቤት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለቱንም መሆኑን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የንብረት ጌታም ነው፣ የትዳር ጓደኛም ነው። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እልፍነሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንዲል አመለከተችውና ሰዓቷን አየች። «አሁን የገበያ ሰዓት ነው» አለች ለራሷ። «ሱቁ ይጨናነቃል። አይደውልም።» ከመኪናዋ ራቀች፤ እየተከተልኳት እስከ ግቢው በር ሄድን። እዚያ ስትደርስ አጥሩን ተደገፈች።

«መኪናዋ ናት የነገረቻቸው» አለችኝ። «ያን ቀን እኔን ዘግቶ ለሳጥኗ ደውሏል፤ ከዚያ ለእናቱ ነግሯቸዋል።»

ጠበቅኩ። ይቅርታ እስክትለኝ ጠበቅኩ። በአጥሩ ሽቦ ጣቷን ታጠላልፋለች፤ ምናልባት ያ ይቅርታዋ ነበር። እኔ ግን በቃል ነው የፈለግኩት። በቃል ነው የተሰደብኩት።

«እሺ» አልኩ በመጨረሻ። «ነገ እሑድ ነው። ለጸሎት ቡድኑ ንገሪያቸው። ሳጥኗን አሳዪያቸው። ሳምሪ አልነበረችም በዪ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«አልችልም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማግኘቴን ካወቀ ያበቃል። ቤቱ በእሱ ስም ነው፣ መኪናዋ በእሱ ስም ናት። ነገ አሳምነውን ልኮ ልጆቼን ከእናቱ ጋር ሆመቾ ዘመዶቹ ቤት ያስገባቸዋል።»

«ጥፋተኛው እሱ ነው እኮ! የሰረቀሽ እሱ ነው!»

«ሽማግሌ ቢቀመጥ ምን እንደሚሉኝ ልንገርሽ?» አለችኝ። «'ንጹሕ ከሆንሽ ቢሰማሽ ምን አስፈራሽ?' ነው የሚሉኝ። የተናገርኩትን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ምን እመልሳለሁ?»

ለተማሪ ቢሆን መልስ አለኝ፤ ለሽማግሌ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

«የእኔስ ስም?» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ነበር፣ አፍሬያለሁ። «እኔ በዚህ ከተማ ወሬኛ ተብዬ ልቅር?»

አየችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ሳምሪዬ» አለችኝ። ሰው ሸክሙን ሊጭንባችሁ ሲፈልግ ጠንካራ ነሽ ይላል። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ወደ መኪናዋ ዞር ብላ ርቀቱን ለካች፣ ወደ እኔ ተጠጋችና በጆሮዬ፣ እያንዳንዱን ቃል ለያይታ፣ እንዲህ አለች፤

«ባትሪዬን ባዶ ያደረገው ባሌ ነው።»

ሦስቱንም ቃል አለቻቸው። እንደ ሆመቾው ግን አልሳቀችም።

ተመልሳ ሄደች። ፈትሁዲን ሳጥኗን በእጁ ይዞ እንደ ዋንጫ ያገላብጣታል። በምልክት ወደ ቦታዋ እንዲመልሳት ነገረችው። «ልመልሳት? ባትሪው እኮ መልሶ ይሞታል!» አለ በሹክሹክታ። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ቢያንስ ገመዷን ላስተካክል፣ ትንሽ ይቆይልሽ» አለ። አይሆንም አለችው፤ የነካካ ሰው እንዳለ ቢታወቅስ? ሰውየው ያን ሁሉ ወር የፈለገውን ሌባ በገዛ እጁ መልሶ ሲያስገባ፣ ፊውዙን ሲሰካ፣ ቴፑን ሲገጥም አየሁት። ፊቱ ላይ የሠርጉ ደስታ አልነበረም።

ሞተሩ በሌላ መኪና ባትሪ ተነሳ። እልፍነሽ ገብታ በሩን ዘጋች፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ቴፑ ዞራ፣ ጮክ ብላ፣ ለሚያዳምጥ ሰው በሚሆን ድምፅ ተናገረች።

«በል ፈትሁዲን፣ ልቧ ድኗል፣ ጌታ ይመስገን። ከዚህ ግቢ ቶሎ ልውጣ እንጂ፤ ወሬኛዋ እዚሁ ቆማለች።»

እሷው እንዳለችው፣ አጵሎስ ያን ሰዓት ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር፤ አልደወለም። ይህን እሷም ታውቃለች። ከፈትሁዲን በቀር የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ተናደድኩባት፣ አዘንኩላትም፤ የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤታችን በር ላይ ልጆቿን አውርዳ ልትሄድ ስትል መኪናዋ ጠቅ አለችና ቀረች። ዘበኛው፣ ሁለት አስተማሪዎችና አንድ ባጃጅ ነጂ ሊገፉላት ተሰበሰቡ። ቦርሳዬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ እኔም ሄድኩ። የኋላውን መስታወት ይዘን ወደ ቁልቁለቱ መግፋት ስንጀምር ዘበኛው ከጎኔ ሆኖ እያለከለከ ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ይቺ መኪና ግን ምን ሆና ነው ሁልጊዜ የምትገፋው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«ደግሞ አንቺ የማታውቂው ወሬ ኖሮ ነው!» አለና ሳቀ። የሚገፉትም ሳቁ። እልፍነሽ ሰምታለች፤ በስፖኪዮው ውስጥ ዓይኗን አየሁት። አንገቴን ደፍቼ ገፋሁ።